ምዕራፍ 6፦ አትክልትን የሚያጣፍጠው ምንድን ነው?

ጾም ሲገባ በብዙ ቤት «ምን ይበላል? ያው ጎመንና ሽሮ!» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው የሚያሳዝነው፣ አትክልትና ጥራጥሬን በማጣፈጥ ረጅም ልምድ ካካበቱ የዓለም ወጥ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ስለሚሰማ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታንና ነነዌን አጥብቆ ከያዘ የዓመቱን ግማሽና ከዚያም በላይ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይከርማል። አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ቃሪያ ስንግ፣ አልጫው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሳይነኩ ይህን ያህል ቀን ቤተሰብ አጥግበው፣ እንግዳ አስተናግደው፣ ዝክር ደግሰው ኖረዋል። ጣዕም ከየት እንደሚመጣ ባያውቁ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ቅሬታውን ያመጣው፣ በእኔ እምነት፣ ዘይት ነው። ዘይት በየሱቁ እንደ ልብ መገኘት ሲጀምር የቅቤን ቦታ ብቻ አልያዘም፤ የጊዜንና የትዕግሥትንም ቦታ ወሰደ። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ ዘይት ይፈስበታል፤ ጎመኑ ከመጠን በላይ ይቀቀልና የጠፋው ጣዕም በዘይት እንዲመለስ ይሞከራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ለአንድ ድስት ጎመን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ካፈሰስን ከ800 ካሎሪ በላይ ጨምረናል ማለት ነው፤ አንድ ኪሎ ጎመን ራሱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ካሎሪ ነው ያለው። ዘይት ያጠጣነውን ጎመን በልተን «ዛሬ ቀላል ምግብ በላሁ» ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ጤናማ ምግብና የሚጣፍጥ ምግብ ተቃራኒ ናቸው ብሎ ደምድሟል። ለጤና ሲባል ጨው የሌለው ቅቅል፣ ለደስታ ሲባል በዘይት የጠለቀ ሳምቡሳ። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ያን ድምዳሜ ለመቃወም ነው። አትክልት የሚጣፍጠው በእሳት አያያዝ፣ ጨውና ሎሚ በሚገቡበት ሰዓት፣ በቅመም ቅደም ተከተልም ነው፤ ዘይት ረዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። እኛ አገር ከዚህ መጠን የሚደርሰው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ይህን ያህል አትክልት በምክርና በተግሣጽ ብቻ የሚበላ ሰው የለም፤ የሚበላው ከጣፈጠው ነው።

ሽንኩርቱ ሲቁላላ

የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ዘይት ሳይነካው ደረቅ ድስት ውስጥ ይገባል፤ በማማሰያ እየተማሰለ፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ እየተደረገበት ይቁላላል። በአብዛኛው የዓለም ወጥ ቤት ዘይት ስለሚቀድም ከውጭ የመጣ አብሳይ ይህን ሲያይ ይገረማል። እኛ ግን የተቀበልነውን ጥበብ ከነምክንያቱ ብናውቀው ይበልጥ እንጠብቀዋለን።

ሽንኩርት ከአሥር ዘጠኝ እጁ ገደማ ውሃ ነው። ውሃው ድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ አያልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። (ድንችና ቀይ ስር አዲስ አበባ ላይ ከድሬዳዋ ይልቅ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁት በዚሁ ምክንያት ነው።) ያ ቡናማ ቀለም፣ ያ ከጎረቤት ድረስ የሚጠራው የቁሌት ሽታ ግን የሚመጣው ስኳርና የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች በከፍተኛ ሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ይህን ውሕደት በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ሲሆን፣ በደንብ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው መውጣት አለበት። ሽንኩርቱ በደረቁ ሲቁላላ ውሃው ይተናል፤ ዓይን የሚያስለቅሰው ኃይለኛ ሽታ አብሮት ይሄዳል፤ በሽንኩርቱ ውስጥ የነበረው ስኳር ተጠራቅሞ ይቀራል። ጥሩ ቁሌት ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱን እንዳያር የሚጠብቀው ዘይቱ ይሆናል፤ ማማሰል የሰለቸው ሰው ደግሞ እጁ ሳይታወቀው ያበዛዋል። በደረቁ ሲቁላላ የሚጠብቀው የአብሳዩ እጅና ጠብታው ውሃ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ቡናማ ከሆነ በኋላ ለአራት ሰው ወጥ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በርበሬው የሚገባው ከዘይቱ በኋላ ነው፤ የበርበሬ ቀለምና መዓዛ የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ ትንሿ ዘይት ሥራዋን የምትሠራው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ይቀንስ፤ በርበሬ ካረረ ይመራል፤ የመረረውን ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም።

ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ሽንኩርት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ማቁላላት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። እሑድ አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ይሥሩ፤ ሲቀዘቅዝ ከፋፍለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ለረዥም ጊዜ ከሆነ የፍሪጁ የበረዶ ክፍል ውስጥ ይግባ። ቁሌት ያለበት ቤት ረቡዕ ማታ ምስር ወጥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ምስር መቀቀል ብቻ ነው።

ያው ሕግ ለሌላውም አትክልት ይሠራል። ፎሶልያ ሲቀቀል ለስልሶ ጣዕም ያጣል፤ በጋለ ምጣድ ወይም ሰፊ መጥበሻ ላይ በአንድ ማንኪያ ዘይት ተለውሶ ሲጠበስ ግን ጠርዙ ጠቆር ይልና ይጣፍጣል። አበባ ጎመንም፣ ካሮትም፣ ደበርጃንም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ አትክልቱ ምጣዱ ላይ አይከመር። ከተከመረ ውስጡ ያለው ውሃ በእንፋሎት ታፍኖ ጥብስ መሆኑ ይቀርና ቅቅል ይሆናል። ብዙ ከሆነ ሁለት ዙር ይጠበስ።

ጎመን

ጎመንን ለብቻው ማየት ይገባል፤ ከገበታችን ሁሉ በቅርብ የሚገኝ፣ በርካሽ የሚገዛ፣ በጥንቃቄ ማነስ ብዙ የሚበደል እሱ ነውና። የሐበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ጋር አንድ ወገን ነው፤ ዘሩም ጎመን ዘር ብለን የምናውቀው ነው። የእነዚህ ሁሉ ቅጠል ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መራራ የሰልፈር ውሕድ አለው። ሰው ሁሉ ይህን ምሬት እኩል አይቀምሰውም፤ በዘር በሚወረስ ልዩነት ምክንያት ለአንዱ ለስላሳ የሆነው ጎመን ለሌላው ምላስ የሚከብድ ምሬት አለው። ልጅ ጎመን አልበላም ሲል ሁልጊዜ ቅብጠት አይደለም።

ምሬቱን ለማጥፋት የተለመደው ዘዴ ጎመኑን በብዙ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን መድፋት ነው። ምሬቱ በርግጥ ይቀንሳል። ግን አብሮት የሚደፋው ቫይታሚን ሲና ፎሌት ነው፤ ሁለቱም በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ ፎሌት ደግሞ ለነፍሰ ጡር ሴት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በየጤና ጣቢያው የሚነገር ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ መሣሪያው ጨው ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የስሜት ሕዋሳት ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ ጨው ምሬትን በማፈን ተሸፍኖ የነበረውን ጣፋጭነት እንደሚያወጣ አሳይተዋል። ትንሽ ጨው ጎመኑ ገና ሲለሰልስ ቢገባ፣ በስተመጨረሻ ከሚነሰነስ ብዙ ጨው ይበልጣል።

እኔ የምመርጠው አሠራር ይህ ነው። ቅጠሉን ከአገዳው ለይተው በደንብ ያጥቡት። አገዳውን አይጣሉት፤ ደቅቆ ከተከተፈ ከሽንኩርቱ ጋር ቀድሞ ይገባል። ቅጠሉን በቀጭኑ ይክተፉት። በደረቁ የተቁላላ ሽንኩርት ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ አገዳውን፣ ከዚያ ቅጠሉን ከእጥበቱ በቀረው ውሃ ብቻ ይጨምሩ። ሲለሰልስ ጨው። ቀጭን የተከተፈ ለጋ ጎመን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ የጠነከረ ከሆነ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ ይቆዩበት። ድስቱን ከድነው አይተዉት፤ ሲበስል ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ በክዳኑ ታፍኖ ሲመለስ አረንጓዴውን ቀለም ያጠወልገዋል፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ያ ደስ የማይል የጎመን ሽታ ይበረታል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የተሰነጠቀ ቃሪያ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ በፊት ይግቡ፤ መዓዛቸው በረዥም እሳት ይጠፋል። አንድ ቁንጥር ኮረሪማ መጨረሻ ላይ። ሎሚውን ደግሞ ድስት ውስጥ አይጭመቁ፤ ገበታ ላይ ይሁን፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ቀለሙን ይገድለዋል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሐበሻ ጎመን ፈንታ ኮላርድ ወይም ኬል ይጠቀማሉ። ኮላርድ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ይበልጥ ቀጥኖ ቢከተፍና ጥቂት ቢቆይ ይሻለዋል። ኬል ፈጥኖ ይበስላል።

ሰናፍጭንም እዚህ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። የጎመን ወገን ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ሰልፎራፌን የሚባል ጠቃሚ ውሕድ ይፈጠራል፤ ይህን የሚፈጥረው ኤንዛይም ግን በእሳት ይሞታል። ብሮኮሊ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከበሰለ በኋላ የሰናፍጭ ዱቄት ሲጨመርበት ያው ዓይነት ኤንዛይም በሰናፍጩ በኩል ስለሚመለስ ውሕዱ እንደገና ይፈጠራል። ሰናፍጭን በቀዝቃዛ ውሃ አሽታ ከድና የምታቆይ ባለሙያ የምትሠራው ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ የፈላ ውሃ ኤንዛይሙን ስለሚገድለው ሰናፍጩ አፍንጫ የሚነካውን ኃይሉን ያጣል። ከበሰለ ጎመን ጎን አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ማቅረብ ለጣዕምም ለጤናም ጥሩ ነው።

ሎሚ፣ ጨውና ትንሽ ቅባት

ቀይ ስርን ብዙ ሰው የሚጠላው «አፈር አፈር ይላል» ብሎ ነው፤ ልክ ነው። ጂኦስሚን የሚባለው፣ ዝናብ መሬት ሲነካ የምናሸተው ውሕድ ቀይ ስር ውስጥም አለ። ይህ ውሕድ በአሲድ ይፈርሳል። ስለዚህ ቀይ ስሩን ከነልጣጩና ከነጭራው ይቀቅሉ፤ ቀለሙ ወደ ውሃው አይፈስም፤ ገና ትኩስ እያለ ልጠው ቆራርጠው ሎሚ ወይም አቼቶ ያፍስሱበት። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በደቃቁ ከተከተፈበት አፈሩ የለም፤ ጣፋጩ ብቻ ይቀራል። ድንቹ ከተፈለገ ለብቻው ተቀቅሎ በስተመጨረሻ ይቀላቀል።

ሎሚ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኮምጣጣ ነገር ያለበት ምግብ ጨው ቢያንሰውም አይታወቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዲያንስ ይመክራል። በእኛ ቤት ግን ጨው በብዙ በር ይገባል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ የሽሮ ዱቄቱም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ፤ አዋዜውም። ይህን እያወቁ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት በርበሬው ያለ ጨው ተፈጭቶ ቢቀመጥ እመክራለሁ።

ቲማቲም ከሥጋ የሚጠበቀውን ያን የሞላ ጣዕም በከፊል ይተካል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ኡማሚ ብሎ የሰየመው ጣዕም መነሻው ግሉታሜት ነው፤ በደንብ የበሰለ ቲማቲምና እንጉዳይ በዚህ የታደሉ ናቸው። ቲማቲሙ ውሃውን እስኪጨርስ ይብሰል እንጂ ጥሬ ሽታው ሳይለቅ ውሃ አይጨመርበት።

ዘይት ጨርሶ ይቅር ግን አልልም። በካሮት፣ በዱባና በጎመን ውስጥ ያለውን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን አንጀት በደንብ የሚቀበለው ቅባት ሲኖር ነው፤ ካሮት ደግሞ ከጥሬው ይልቅ የበሰለው በዚህ ይሻላል። ሰላጣም ያለ ምንም ቅባት ቢበላ ካሮቲኑ በብዛት ይባክናል። ቅባቱ የግድ ከጠርሙስ መምጣት የለበትም። የተቆላና የተፈጨ ሰሊጥ፣ ተልባ ወይም ሱፍ ጎመን ወይም ዱባ ላይ ሲነሰነስ ቅባቱን ከነመዓዛው ይሰጣል። ኮንሶዎች የሽፈራውን ቅጠል ከእህል ኩርኩፋ ጋር የሚበሉት ከጥንት ነው፤ ከተማ ላይ በዱቄት መልክ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ያው ቅጠል እዚያ የዕለት ምግብ ነው።

ከምግብ በፊትና በመካከል

በአሥር ሰዓት ሆድ ሲጠራ የሚገዛው ብስኩትና ቺፕስ ነው። እነዚህ ሁለት ነገር ይሸጣሉ፤ ጨውና መንኮሻኮሽ። ሁለቱንም ቤት ውስጥ በተሻለ ማግኘት ይቻላል። ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይቀቀላል፤ በንጹሕ ጨርቅ ፍጹም ይደርቃል፤ በጋለ ምጣድ ወይም ኦቭን ውስጥ ይቆላል፤ ከወጣ በኋላ ትንሽ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። እርጥበት ከቀረበት አይንኮሻኮሽም፤ ማድረቁ ላይ አይቸኩሉ። ወጥ የሠሩበትን የዱባ ፍሬ አጥበው፣ አድርቀው ቢቆሉ ያ ሁሉ የሚጣል ፍሬ መክሰስ ይሆናል። ድርቆሽ የሆነ እንጀራ በአዚፋ እየጠቀሱ ቢበላ ከየትኛውም የታሸገ ቺፕስ ይበልጣል። ለዚህ የሚሆነው አዚፋ ወፈር ያለ ነው፤ ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ገሚሱ ተፈጭቶ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ሰናፍጭ ይገባበታል። ካሮትና ኪያር በቁመቱ ተቆርጦም ይጠቀስበታል።

ሳምቡሳን መተው አያስፈልግም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይም ሆነ በጾም ቀን በየመንገዱ የሚወደድ ምግብ ነው። ምስሩ ሳይፈርስ ይውጣ፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንብላል ይብዛበት፤ ሊጡ ይቅጠን። በዘይት ከማጥለቅ ይልቅ ላዩን በዘይት ቀባ አድርጎ ኦቭን ውስጥ ወይም ተከድኖ ምጣድ ላይ ሁለቱን ወገን ማብሰል ይቻላል። እንደ ጥልቅ ጥብሱ አይንኮሻኮሽም፤ ይህን አልደብቅም፤ መሙያው ጥሩ ከሆነ ግን ማንም አይተወውም።

ቃሪያ ስንግ ሲሠራ ፍሬው በደንብ ይውጣ፤ ሽንኩርትና ቲማቲሙ ደቅቆ በሎሚ፣ በጥቂት ጨውና በጠብታ ዘይት ይለወስ፤ ከተሞላ በኋላ ሳይቆይ ይበላ። ጥሬ የሚበላ አትክልት ሁሉ በንጹሕ ውሃ ተደጋግሞ መታጠብ እንዳለበት ደግሞ አይዘንጋ።

ልጆችን በተመለከተ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጡት ነገር አለ። አንድ ልጅ አዲስ አትክልት እስኪለምድ ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አብዛኛው ወላጅ ግን በሦስተኛው ተስፋ ይቆርጣል። አያስገድዱ፤ «ጎመኑን ከጨረስህ ከረሜላ» አይበሉ፤ ይህ ጎመኑን ቅጣት ያደርገዋል። ትንሽ ጉርሻ፣ ያለ ክርክር፣ በሌላ ቀን ደግሞ እንደገና። ወላጅ ራሱ ሲበላ ማየት ከሁሉ ይበልጣል።

በመጨረሻ የብረት ጉዳይ አለ፤ በተለይ ለሴቶችና ለልጆች። በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ከሥጋው ይልቅ ለመመጠጥ አስቸጋሪ ነው። ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ምስሩ ላይ የተጨመቀው ሎሚና ጎን የቀረበው ጥሬ ቃሪያ ከጌጥ በላይ ናቸው፤ ቃሪያ በክብደት ሲለካ ከብርቱካን የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። የእንጀራው መቡካትም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። በተቃራኒው ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ብረቱ እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። የደም ማነስ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች በጾም ወቅት ቡናቸውን ከምሳ በኋላ ከመጠጣት ይልቅ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ወይም በሁለት ምግብ መካከል ቢያደርጉት፣ ከበሉት ጎመንና ምስር የሚያገኙት ብረት ይበልጣል።